በቃሓውታ ሜዳ ስለ ተነጠፈው ቄጠማ

ለክቡር የመናፈሻዎችና የስፖርት ሜዳዎች ሹም፣
አስመራ፣ ጥር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎ በቢሮዎ ምንጣፍ ላይ ደህና ከሆኑ፣ የቃሓውታ ኳስ ሜዳ ጠባቂ የሆንኩት እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የታመመው ሣሩ ነው። ከአስመራ እስከ ምጽዋ ሣር እንደኔ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። ምጽዋ ሣር እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ግን እዚሁ አጠገባችን እስካለው ዓዲ ኣበይቶ ባሳጥረው ይሻላል። ደብዳቤውንም በማታ ትምህርት በቀሰምኩት አማርኛ ራሴ ጽፌዋለሁና በሌላ ሰው አያሳብቡ።

፩ኛ. ዝናቡ እንዳበቃ ሣሩ እንደ ምልምል ወታደር ራስ ከሥሩ እንዲላጭ ስላዘዙ እጅግ አመሰግናለሁ። በበጋ ሣር ትንሽ ጠጉር ካልተተወለት ፀሐይ ሥሩን እንደምታቃጥለው ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፤ እርስዎ ግን ንጽሕና ይወዳሉ። ብዙም ሳይቆይ ሜዳው ቢጫ ሆነ።

፪ኛ. እንግዶች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ሲሉ ቢጫው እንዳያሳፍረን ሜዳውን ሙሉ ቄጠማ አስነጠፉበት። ለእንግዳ ቄጠማ መጎዝጎዝ ያገር ወግ ነው፤ በቤት ውስጥ። እንግዶቹም ከማኪናቸው ሳይወርዱ አድንቀው ሄዱ። እርስዎም ደስ ብሎዎት፣ «ይህ ከቀድሞው ሣር ይሻላል፤ ሥር እስኪሰድ አጠጣው» አሉኝ። ታጭዶ የመጣ መሆኑን በትሕትና ባስረዳ፣ ተስፋ ቢስ ተብዬ ተገሠጽኩ።

፫ኛ. አጠጣሁ። ሰፈሩ ለውሃ ተሰልፎ ሳለ አጠጣሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ለተሰንበት ባዶ ታኒካዋን ይዛ በአጥሩ በኩል፣ «ኣታ ሃብተሚካኤል፣ የሞተውን ታጠጣለህ፤ እኛም ውሃ ለማግኘት መሞት አለብን?» አለችኝ። ጥያቄዋ ከሥልጣኔ በላይ ስለሆነ ለክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ። ቄጠማው በስብሶ ከሥሩ የነበረውን ሣር አፍኖ ገደለው።

አሁን ደግሞ ሜዳው ሣር አላበቅል ስላለ የቢሮው ማኪናዎች ማቆሚያ ይሁን ብለዋል አሉ። የሰፈሩ ተጫዋቾች ኳሳቸውን ታቅፈው መቼ እንጫወታለን ይሉኛል፤ እኔም ይኸው ጥያቄያቸውን ለእርስዎ እጽፋለሁ። ሆኖም በግራው ግብ ጥግ፣ ቄጠማው ባልደረሰበት፣ ነጠላ የምታክል አረንጓዴ ሣር ተርፋለች። ማኪና ካልቆመባትና ማለዳ ማለዳ ውሃ ካገኘች እስከ ክረምት ትዛመታለች። ስለ እርሷ ብለው ሜዳውን ይተዉልን።

በሄዱበት ሁሉ ቄጠማዎ አይድረቅብዎ እያልኩ እጅ የምነሣ፣
የሙት ሣር ዘበኛ፣ ታዛዥዎ
ሃብተሚካኤል ንጋሲ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። የግራው ግብ ጥግ አረንጓዴ ግን የለችም፤ ለውሳኔው እንዳይቸኩሉ ብዬ በብዕሬ የተከልኳት ናት። ዘንድሮ በዚያ ሜዳ የበቀለች እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ አደራዎን፣ አጠጣት ብለው እንዳያዙኝ።