ከተሰረዙት መሃል

አንቺዬ፣ ሰላምታው ይቆይ፣ ንድድ ብሎኛል። ከቆዳ ፋብሪካው ቦይ በማንኪያ የፋቅሽውን ሻጋታ ጂኖች እዚህ ኮምፒውተር ላይ ጫንኳቸው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ግን «ሥራቸው ያልታወቀ» የተባሉትን በሙሉ ሳያያቸው ሰረዛቸው። እኛ ጋ፣ አገር ቤት በዚያች ጠባብ ቤተ ሙከራ እንኳ፣ ያልታወቀ ነገር መደርደሪያ ላይ ይቆያል እንጂ አይጣልም። የታወቀውንማ ለመፈለግ ማን ባሕር ይሻገራል?

ከፍላሼ መለስኳቸውና የሚሠሩትን ፕሮቲን ቅርጽ አንድ በአንድ አወዳደርኩ። ፋብሪካው ቆዳ የሚያለፋበትን የክሮም መርዝ የሚያበርድ ኢንዛይም የሚመስለው የተገኘው ከተሰረዙት መሃል ነው። ዛሬ ስብሰባ ላይ ሰውዬው «ያገኘነው ጂን» ብሎ ሲጀምር፣ «እርስዎ የሰረዙት፣ ጓደኛዬ በማንኪያ ያመጣችው» አልኩት።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ልጆቹን ከቦዩ አርቂያቸው። ማንኪያዋን ደብቂያት፣ እሷንም «ያገኘናት» እንዳይሉ።