ያልተረጎምክልኝ ሃያ ደቂቃ

ሰዒዴ፣ አላህ ይዘንልህና፣ ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ።

እስካሁን ያልጻፍኩልህ መጀመሪያ ለቅሶዬ ስላልወጣልኝ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ስለተናደድኩብህ ነው። አሁንም ተናድጄብሃለሁ። በሕይወት ብትኖር ኖሮ ማድ ቤት ገብቼ ሰሃን እያንኳኳሁ እነግርህ ነበር፤ አንተም እንደ ልማድህ ከሱቅ ደረስ ብዬ ልምጣ ብለህ ትወጣ ነበር። ዛሬ መውጫ የለህም፤ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እዚያው ዐረብ አገር፣ በግዳዲያ ሰፈር ነን። ልጅህ ሐያት የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ይዛለች። ኢብራሂም በቁመት በልጦሃል፤ ቀበቶህ ልኩ ሆኗል። የኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በምሠራበት የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ስም ዞሯል፤ የሕክምና ታሚኑም፣ ኢንሹራንሱ፣ ከዚያው ነው። ስልክህን አልዘጋነውም። ዛሬም ከካራንቲና ሰፈር የሚደውልልህ ያገራችን ሰው አለ። ሰዒድ እኮ ሞቷል ስንለው ኢና ሊላህ ብሎ ያለቅስና፣ ትንሽ ቆይቶ፣ እና ነገ ሐኪም ቤት ማን አብሮኝ ይግባ ይላል። ዐረብኛ ያልገባው ሁሉ አንተን ይዞ ነበር ፖሊስ ጣቢያ፣ ጀዋዛት የፓስፖርት ቢሮ፣ ሐኪም ቤት የሚገባው። ሰዒድ አንድ ቃል አይጨምር፣ አንድ ቃል አያስቀር ይሉሃል። እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ያን ቀን እንደምታስታውሰው እርግጠኛ ነኝ። የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ፣ ደሙ አልቆም ሲለኝ፣ ጠዋት ይዘኸኝ ሄድክ። ግብፃዊቷ ዶክተር ነጭ ወረቀት አውጥታ ማሕፀን ሣለች፣ ውስጡ ሦስት ክብ ክብ ነገር ጨመረች፣ ከዚያ ተነስታ ሆዴን አምስት ቦታ ላይ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ተናገረች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተናገረች። ከግድግዳው ሰዓት ሥር ስለተቀመጠች ነው ደቂቃውን ያወቅኩት። እኔ ከዐረብኛው የማውቀው የገበያውን ነው፤ ለቲማቲም ይበቃል፣ ለማሕፀን አይበቃም። ስትጨርስ ወደ አንተ ዞርኩ። ማዮማ የሚሉት እጢ ነው፣ ኪኒን ትወስጃለሽ፣ ዕድሜሽ ሲገፋ በራሱ ይደርቃል አለች አልከኝ። ያ ሁሉ ወሬ ይሄ ብቻ ነው ወይ ብልህ፣ ዐረብኛ እንዲህ ነው፣ ገለባው ይበዛል ብለህ አሳቅከኝ። እውነት ስቄያለሁ፣ ሰዒድ። ዶክተሯ ፊት ከት ብዬ ስቄያለሁ።

ከዚያ ወረቀት መጣ። እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ለኪኒኑ ነው አልከኝ። መስመሩን በጣትህ አሳየኸኝ፤ ፈረምኩ። ዶክተሯ ትኩር ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ ያኔ ንቀት ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ደማሁ። ኪኒኑ አንድ ወር ያቆምልኛል፣ ሁለት ወር ይለቅብኛል። ጥቁር አባያ የወደድኩት ደም ስለማያሳይ ነው። ሰው ቤት ከተቀመጥኩበት ስነሳ መጀመሪያ ዞሬ የማየው ወንበሩን ነበር። ደረጃ ሁለት ፎቅ ስወጣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። መካ ደግሞ ከቤታችን በመኪና አንድ ሰዓት ነው። አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ፣ ሰው ያቺን አንድ ሰዓት ለማግኘት ዕድሜውን ሙሉ ዱዓ ያደርጋል። እኔ ለዑምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ ሦስት ጊዜ ተዘጋጅቼ ሦስቱንም ጊዜ ደሙ ቀደመኝ። እናንተ ኢሕራም አድርጋችሁ ስትገቡ እኔ ውጪ ጫማችሁን ስጠብቅ ዋልኩ። የቁርኣን አስተማሪያችን ኡስታዛዋ ከተለመደው ቀንሽ ያለፈው ደም አይከለክልሽም ብላኝ ነበር። እኔ ግን ያን ነጭ እብነ በረድ አቆሽሸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። አንተ ከዕባን ዞረህ፣ ከጠዋፍ ፊትህ በርቶ ስትወጣ፣ አብሽሪ ዘሃራ፣ አላህ የወደደው ቀን ትገቢያለሽ አልከኝ። የወደደውን ቀን ማን እንዳራዘመው አንተ ታውቅ ነበር።

ደግም ነበርክ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጉበት ገዝተህ ራስህ ትጠብስልኝ ነበር። ቀይ ሥር ጨምቀህ እስክጠጣው ድረስ ከፊቴ አትነሳም ነበር። አንሶላውን ልጆቹ ሳያዩ በእጅህ ታጥብ ነበር። ይሄን ስንት ወንድ ያደርገዋል እያልኩ ለጎረቤት እመካብህ ነበር። አሁን ያን ጉበት ሳስታውሰው አፌ ይመረኛል። ስትጠብስልኝ እያወቅክ ነበርና።

በቀትር ነበር ከሥራ ቦታህ የደወሉልን። ልቡ ነው አሉን። ሐረም መስጊድ ውስጥ ተሰግዶብህ መካ ተቀበርክ። ከመውሰዳቸው በፊት ጓደኛህ ጀማል በሩ ጋ ቆሞ፣ ዘሃራ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አፉ በይው አለኝ። እንደምታውቀው ሟች የሰው ሐቅ ተሸክሞ እንዳይሄድ ሚስት ትጠየቃለች። እኔም ምን በድሎኝ ያውቃል ብዬ፣ አፉ ብዬዋለሁ፣ በዱንያም በአኼራም አልኩ። ጮክ ብዬ ስለተናገርኩ ለቀስተኛው ሁሉ ሰምቶኛል።

ከሰባት ወር በኋላ ስፌት ቤት ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ሐያት ይዛኝ ሄደች፤ እዚያው ሐኪም ቤት፣ እዚያችው ዶክተር ጋ። ዶክተሯ ፋይሌን ከፍታ አንብባ ቀና አለችና፣ አሁንስ ሐሳብሽን ቀየርሽ ወይ አለችኝ በሐያት በኩል። የምን ሐሳብ አልኩ። ከፋይሉ አንድ ወረቀት አውጥታ ለሐያት ሰጠቻት።

ልጅህ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ለራሷ አነበበችው። ፊቷ ሲለዋወጥ እያየሁ ነበር። እሷም መዋሸት ትችል ነበር፣ ሰዒድ፤ ለአባቷ ስትል አንድ ነገር ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ግን አነበበችልኝ። ማሕፀኔ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ሐኪሟ መክራኝ፣ ጥቅሙና ጉዳቱ በሚገባኝ ቋንቋ ተነግሮኝ፣ በራሴ ፈቃድ አልፈልግም ማለቴን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ከታች የኔ ፊርማ አለ። ከሱ ሥር፣ ተርጓሚ በሚለው ቦታ፣ ያንተ። ሐያት ስምህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዶክተሯም ነገሩ ሲገባት አንገቷን ደፋች፤ ያን ቀን ሌላ ተርጓሚ መጥራት ነበረብኝ አለች።

ከዚያ ያንኑ ሃያ ደቂቃ እንደ አዲስ ሰጠችኝ። ሐያት ቃል በቃል ነው የተረጎመችልኝ፤ ዶክተሯ ስታስል አሳለች ልትለኝ ምንም አልቀራት። ማሕፀኑ ከነአንገቱ ይወጣል። እንቁላል ማምረቻዎቹ ጤነኛ ስለሆኑ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ በአንድ ቀን አሮጊት አልሆንም። የወር አበባ ኸላስ፣ አበቃ፣ መውለድም ኸላስ። ደም ሊፈስ ይችላል፤ ፊኛ ሊነካ ይችላል፤ ነገሩ ካልተመቻት ሆዴን ከፍታ መጨረስ ሊኖርባት ይችላል። ክፉውንም አልደበቀችኝም።

ቀዶ ሕክምናው በሮቦት ነው የሚሠራው ስትል፣ በኋላ ጀማል የነገረኝን ያንተን ድንጋጤ እኔም ደነገጥኩት። ቢላ የያዘ የብረት ሰውዬ ታየኝ። ዶክተሯ ሳቀች። ሮቦቱ በራሱ ምንም አያደርግም፤ እኔ እዚያው ክፍል ተቀምጬ ውስጥሽን አጉልቼ እያየሁ በእጄና በእግሬ አዘዋለሁ፣ እጄ ካልተንቀሳቀሰ እሱም አይንቀሳቀስም አለች። እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፔዳሉን ካልረገጡት የስፌት መኪና አንድ ጥልፍ እንደማይሄድ አውቃለሁ። አንተ ያኔ ብትነግረኝ ይገባኝ ነበር።

ደሜ በጣም ስለወረደ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ የብረት ግሉኮስ ተሰጠኝ። በቀጠሮው ጠዋት ባዶ ሆዴን ገባሁ። እግሬ ላይ ጥብቅ ያለ ካልሲ አጠለቁልኝ፣ ደም እንዳይረጋ ነው አሉኝ። ሮቦቱን አየሁት፤ እጆቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ጥግ ቆሟል፣ ገና ከሱቅ የመጣ ቁም ሣጥን ነው የሚመስለው። ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ ተኛሁ። ስነቃ ፊቴ አብጧል፤ በጭንቅላቴ አዘቅዝቀው ስለሚያስተኙኝ እንደሚያብጥ ተነግሮኝ ነበር። ትከሻዬን አመመኝ፤ ሆዴን የነፉበት አየር እስኪወጣ ትከሻ እንደሚያም ተነግሮኝ ነበር። የሽንት ቱቦ ተደርጎልኛል፤ እሱም ተነግሮኝ ነበር። ስለዚህ አልፈራሁም። አመመኝ እንጂ አልፈራሁም። ያንኑ ዕለት የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ፊሊፒናዋ ነርስ ያላ ማማ፣ ያላ ብላ አስነስታ ኮሪደሩን አስዞረችኝ። በማግስቱ ቤቴ ገባሁ።

ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሳ ስለተከለከልኩ ውሃውን ኢብራሂም ይሸከም ነበር። ትንሽ ትንሽ ደም ለሁለት ሳምንት አየሁና ቆመ። ሆዴ ላይ አምስት ጠባሳ ቀርቷል፤ እያንዳንዱ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ቢያክል ነው። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ አየኋቸውና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይሄ ነው እንዴ አልኩ። የከለከልከኝ ይሄን ነው?

ለምን እንዳደረግከው አውቄያለሁ። ጀማልን አፋጥጬ ያዝኩት። መጀመሪያ ሊሸሸኝ ሞከረ፤ በኋላ ግን ነገረኝ። የሰዒድ እናት አገር ቤት ለቀዶ ሕክምና ገብተው ሳይመለሱ ቀሩበት፣ አንቺን ማሽን ይቆርጣታል ሲሉት እኔ ጋ መጥቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፣ ብነግራት እሺ ትላለች፣ እሺ ካለች አጣታለሁ አለኝ ብሎ ነገረኝ። አዘንኩልህ። አሁንም አዝንልሃለሁ። ግን ስማኝ፤ ፍርሃቱ ያንተ ነበር፣ ደሙ የኔ ነበር። ፈራሁ ብትለኝ ምን ነበረበት? ምናልባት አብሬህ እፈራ ነበር። ምናልባት እኔው ራሴ ይቅርብኝ እል ነበር። ግን የምለው እኔ ነበርኩ። ለካራንቲና ሰው ሁሉ የታመነ ምላስህን ለሚስትህ ነፈግካት። ደግሞ ያልተናገርኩትን እምቢታ በገዛ እጄ አስፈረምክብኝ።

ባለፈው ወር መካ ሄድን። ኢሕራሜን ከቤቴ አድርጌ ወጣሁ። መካ መግቢያው ላይ፣ ሹመይሲ ፍተሻው ጋ ሁላችንም ኢቃማችንን አውጥተን ስንሰለፍ፣ ልማድ ሆኖብኝ ዞሬ የተቀመጥኩበትን አየሁ። ንጹሕ ነው። ገባሁ፣ ሰዒድ። ጫማዬን ሌላ ሰው ጠበቀልኝ። ከዕባን ሳየው የሐያትን ክንድ ያዝኩ። ስዞር የእናቴን ስም ጠራሁ፣ የልጆቼን ጠራሁ፣ የዶክተሯን ጠራሁ፣ የዚያችን ፊሊፒናዊት እንኳ ስሟን ባላውቀውም ጠቀስኳት። ያንተ ላይ ስደርስ ወደ ሌላ ስም አለፍኩ። ስድስት ዙር ስምህን ሳልጠራ ዞርኩ።

ጀማል ለሰዒድም ዑምራ አድርጊለት ይለኛል። ገና ነው አልኩት። ያን ቀን አፉ ያልኩህን አልመልሰውም፤ ከአፌ ወጥቷል፣ አላህ ሰምቶታል። ግን እሱ ምንም አልበደለኝም ላልኩት ሰው የተባለ ነው። እያወቅኩ የምለው ሌላ ነው፤ እሱን ገና አላልኩትም። ደርሶልኝ ያልኩት ቀን ለጀማል ሳይሆን ላንተ ነው የምጽፈው።

እስከዚያው አልረሳህም፤ ይሄን ቃል እሰጥሃለሁ። አንሶላዬን ያጠበውን እጅህን አስታውሳለሁ። ፈርሚ ብሎ መስመሩን ያሳየኝንም ጣትህን አስታውሳለሁ። አንዱን ለይተህ አስታውሺልኝ እንዳትለኝ።

ሰባተኛው ዙር ላይ ስምህን ጠራሁ። ዐረብኛውን ዱዓ አላውቀውም፣ የሚያስተምረኝም አልጠየቅኩም። በአማርኛ፣ ያ ረቢ፣ ሰዒድ ዋሽቶኛል፣ እኔ እስካሁን አልቻልኩም፣ አንተ ግን ማረው አልኩ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ አንድ ቃልም አላስቀረሁም።

ዘሃራ