የሻሪፍ መነጽር

ቱሉ ወንድሜ፣

ይሄን ጉድ ሳልነግርህ ጭነቴን ይዤ ከሞያሌ አልንቀሳቀስም! ከኬላው ወዲህ፣ ኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ ሻሪፍ የሚባል ሰው ጌም ቤት አለው። ዓይንን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር ከናይሮቢ አስመጥቷል፤ "ቨርቹዋል ሪያሊቲ" ይሉታል። ስታጠልቀው ቴሌቪዥን የለ፣ ግድግዳ የለ፤ የእሽቅድምድሙ መኪና ውስጥ ነህ! ቀና ስትል ሰማይ፣ ጎንበስ ስትል መሪ። ዲላ፣ ኮኪ ጌም ቤት አግዳሚ ላይ ተጋፍተን የምናፈጥባት ስክሪን ከዚህ ጋር ስትተያይ የቁልፍ ቀዳዳ ናት።

ቁልቁለቱ ላይ ገደል ድቅን ሲልብኝ እንደ እውነተኛ ሾፌር ፍሬን በእግሬ ረገጥኩ። ለካስ የረገጥኩት የሻሪፍን የለስላሳ ሳጥን ነው! ጠርሙሱ ሲንኳኳ፣ "ፖሌ ፖሌ፣ ዴሬቫ! ቀስ በል፣ ሾፌር! ፍሬኑ እኮ እጅህ ላይ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ደግሜ ገባሁና አንደኛ ወጣሁ። አንደኛ!

ከዚያ እንደ ልማዴ ልሰድብህ ወደ ጎን ዞር አልኩ። መነጽሩ አብሮኝ ዞረና ከጎኔ ያለውን ወንበር አሳየኝ፤ ባዶ ነው። ቱሉ፣ ጨዋታውን አሳምሮታል፣ አልክድም። ግን ስትሸነፍ የምታኮርፈውን ፊትህን ከየት ያምጣልኝ?

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ አሁን ቴምብሩ ስር እየጻፍኩ ነው። የእናትህን የእትዬ አመለሸጋን ጉልበት ሳምልኝ። ኮኪንም ሰላም በላት። አግዳሚዋ ላይ ከጎኔ ያለችውን ቦታህን ለማንም እንዳትለቅ።

ኦብሳ