ስሙ አንድ፣ አሻራው ሌላ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7፣ ሞያሌ

«የቢሮው ኮምፒውተሮች በቫይረስ የተመቱት አንቺ በጫንሽው ፕሮግራም ነው» ተብዬ ከሥራ ታግጃለሁ። ዛሬ ዕቃዬን ልወስድ ገብቼ የፕሮግራሙን ፋይሎች ሃሽ፣ ማለትም ከይዘታቸው የሚሰላውን እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ፣ አወጣሁ። እኔ ያወረድኩት ፋይል አሻራ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ድረ ገጻቸው ላይ ካወጡት ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል። የአለቃዬ ወንድም አብዲ ከድንበሩ ማዶ በሾፌር እጅ በፍላሽ ያስመጣው የዚያው ፕሮግራም ፋይል ግን ጨርሶ አይገጥምም።

ለአለቃዬ አሳየኋቸው።

«የሁለቱም ስም አንድ አይደል እንዴ? በቁጥር ልታደናግሪኝ ነው?»

«ጋሼ፣ ስም ማንም ይለጥፋል። አሻራውን ግን ከየት ያመጣዋል?»

«ባሲ፣ በቃ! ነገ አብዲ ባለበት እናየዋለን።»

የቢሮው ቁልፍ አብዲ ጋ ነው። የእሱ ፋይል ቅጂ አለኝ፤ ግን «ራስሽ የፈጠርሽው ነው» ይሉኛል። ነገ ከሁሉም ቀድሜ በሩ ላይ እቆማለሁ። ግን አብዲ ዛሬውኑ ገብቶ ፋይሉን ካጠፋውስ?