ጨው የበዛበት ወጥ

ውድ እትዬ አስካለማርያም፣ እንደ ቦንጋ ዝናብ የማያባራ ሰላምታዬ ደካ ድረስ ይድረስዎ። እኔና ወንድምዎ በዛብህ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነን።

በዛብህ የሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ ፋታ የለውም። እኔ እዚያው እንግዳ መቀበያ ላይ ነኝ። የቀድሞዋ ሥራ አስኪያጅ እትዬ ጽጌ እያሉ፣ ምሳ ለእንግዳ ሳይቀርብ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበን እንቀምስ ነበር፤ ጉድለቱን ደፍሮ የተናገረ ይመሰገናል። በዛብህ ግን "ዲሲፕሊን ያበላሻል" ብሎ አስቀረው። ስህተት የነገረውንም በሰው ፊት ይጮህበታል። ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ የመጡ እንግዶች ወጡን ጨው በዝቶበት መለሱት። አስተናጋጆቹ ቀድመው አውቀዋል፤ አንዱም ትንፍሽ አላለም። ቤት ሲገባ "ለምን አይነግሩኝም?" እያለ ሲንጎራደድ አመሸ። እኔም ራቱን አቀረብኩለት።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምዘበዝብዎ እንጃ። እሁድ ደስ ብሎት ራሱ ወጥ ሠራልኝ። ጨው በዝቶበታል። "እንዴት ነው?" ሲለኝ "ይጣፍጣል" ብዬ ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ለመስቀል እመጣለሁ ብለውኝ ነበር፤ እርስዎን ስለሚሰማ ቀደም ቢሉልን ምን አለ? ልጆቹን ሁሉ ይሳሙልኝ፤ እግዜር በሰላም ያገናኘን።

አክባሪዎ ሰብሌ

እባክዎ፣ እንደጻፍኩልዎ አይንገሩት።