ግራጫን ግራጫ ብላ ስለወደቀችው ዕጩ መምህርት

ለተከበረው የሥዕል መምህራን ዝግጅት ደረጃ አሻሻይ ጽሕፈት ቤት
ሦስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና ከሰኞ በፊት አንዲት ወረቀት እንድትቀየር መለመንን ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እናንተም ቤተሰቦቻችሁም በጤና መሰንበታችሁን እጠይቃለሁ። የዓይናችሁን ጤና ደግሞ ለብቻው እጠይቃለሁ፤ አንድም ሥዕል የሌለበት የዘጠና አራት ገጽ የሥዕል መምህራን ደረጃ አዘጋጅቶ ማንበብ ለዓይን ቀላል ሥራ እንዳልሆነ፣ እኔም ሦስት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ተረድቼዋለሁና። እኔ፣ ምስጋና ይግባው፣ ደኅና ነኝ። ትንሽ ይደክመኛል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለብኝም።

ማን እንደሆንኩ ብታስታውሱኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ባታስታውሱኝም አልቀየምም። ነገ ሕፃናትን ሥዕል የሚያስተምሩ ዕጩ መምህራንን ሳሠለጥን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። በአዲሱ ደረጃ አባሪ ሦስት ላይ «ሐሳባቸውን በማካፈል ለተባበሩን» ተብለው ከተመሰገኑት ሰዎች መካከል አሥራ አራተኛዋ እኔ ነኝ። ሐሳባችንን በጠየቃችሁን ዕለት የታደለን የሐሳብ መስጫ ቅጽ ሦስት ሳጥን ብቻ ነበረው፤ «በጣም እስማማለሁ»፣ «እስማማለሁ» እና «በአብዛኛው እስማማለሁ» የሚል። እኔ የማልስማማበትን ሁሉ በጀርባው ጽፌ መለስኩ። ጀርባውን ገልብጦ ያየ ሰው እንዳልነበረ ከምስጋናው ገባኝ።

እናንተ ቁጥር የተሰጠው ነገር እንደምትወዱ ስለማውቅ፣ የእኔንም ምስጋና በቁጥር ከፋፍዬ ላቅርብ።

፩. ስለ ክፍሉ አመሰግናለሁ። ሁለት የእጅ መታጠቢያና አራት ረጃጅም መስኮቶች የነበሩት የሥዕል ክፍላችን፣ ደረጃው የሚሻሻልበት የስብሰባ አዳራሽ እንዲሆን ተወስኖ እኛ ወደ ምድር ቤት፣ ከመጸዳጃው ቀጥሎ ወዳለው ዕቃ ቤት ወርደናል። በመስኮቶቹ ላይ በምስማር የተመታው ጥቁር መጋረጃ በግድግዳ ላይ የምታሳዩትን ጽሑፍ አጉልቶ እንደሚያሳይ ሰምቼ ተደስቻለሁ። ዕጩዎቼ ብሩሽ የሚያጥቡበትን ውኃ በባልዲ እየተሸከሙ ስለሚወርዱ፣ በደረጃው ላይ «አካላዊ ብቃት» የሚለው መስፈርት ሳይለፋ ተሟልቷል። መታጠቢያዎቹም ሥራ አልፈቱም፤ የሻይ ብርጭቆ ይታጠብባቸዋል።

፪. ስለ ሰዓቱም እንዲሁ አመሰግናለሁ። ከፊት ለፊት ያለን ነገር እያዩ መሣል በሳምንት ስድስት ሰዓት የነበረው አንድ ሰዓት ሆኖ፣ አምስቱ «ስለ ሥዕል የመጻፍ ክህሎት» ለሚባል ትምህርት ተሰጥቷል። ብሩሽ የሚለው ቃል በመላው ሰነድ አንድ ጊዜ፣ ሰባ አንደኛው ገጽ ላይ፣ «ተመላሽ ንብረት» በሚለው ሥር ይገኛል። ጭቃ እጅ ያቆሽሻል ተብሎ ቀርቶ «ስለ ሸክላ ገለጻ» ገብቷል። ከእንግዲህ የሚመረቀው መምህር ጣቱን ጭቃ ሳይነካ ሸክላን በአራት መስመር ይተነትናል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

እነዚህን ሁለቱን ችዬ ዝም ብዬ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት የመንግሥት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ከምንም በላይ የሚማረው ሆድ ይፍጀው ማለትን ነው። ሦስተኛው ግን ሆዴም አልቻለውም።

፫. ስለ ፈተናው። እንደምታውቁት (ያወጣችሁት እናንተ ናችሁና) በአዲሱ ደረጃ መሠረት ዕጩዎች ቀለም ቀላቅለው ማሳየታቸው ቀርቶ፣ ቀለም በወረቀት ላይ ለይተው እንዲጽፉ ተደርጓል። ወረቀቱ ላይ እንደ ሰዓት ፊት ለአሥራ ሁለት የተከፈለ የቀለም ክብ አለ። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ዕጩው በየቁጥሩ አንጻር ያየውን ቀለም ስም ይጽፋል። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ «በእያንዳንዱ ክፍል የሚታየውን ቀለም ለይተህ ጻፍ» ይላል። ነገሩ መልካም ነበር። ወረቀቱ ግን በጽሕፈት ቤታችሁ ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያወጣው ፎቶ ኮፒ ማሽን ተባዝቶ መጣ።

ሠላሳ ሁለት ዕጩዎች ለፈተና ተቀምጠው ሠላሳ አንዱ አለፉ። እንዴት እንዳለፉ ጠይቄ ስደርስበት፣ በማስተማሪያ ጥራዙ ላይ ከክቡ ሥር የተዘረዘረውን ስም በየቁጥሩ ሸምድደው ነው፤ አንድ ቢጫ፣ አምስት ቀይ እያሉ። አንደኛው ዕጩ ከአሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ካገኘ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ወደ እኔ መጣና፣ ከተወለደ ጀምሮ ቀይና አረንጓዴን ለይቶ እንደማያውቅ፣ ቤት ውስጥ ካልሲ የምታመሳስልለት እህቱ እንደሆነች ነገረኝ። ደግ ልጅ ነው፤ መስመሩም እጅግ ያማረ ስለሆነ ጥሩ አስተማሪ እንደሚወጣው አልጠራጠርም። በቀለም መለየት ግን የዓመቱ አንደኛ እሱ ነው።

የወደቀችው አንዲት ናት። ጓደኞቿ «አነጣጣሪዋ» ይሏታል፤ ማንኛውንም ነገር ከመሣሏ በፊት እርሳሷን ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ለረጅም ጊዜ ስለምትለካ ነው። እሷ በወረቀታችሁ ላይ በአንደኛው ክፍል አንጻር «በጣም የሳሳ ግራጫ»፣ በአምስተኛው «ጠቆር ያለ ግራጫ»፣ በስምንተኛው «ከአምስተኛው ጋር አንድ የሆነ ግራጫ» እያለች አሥራ ሁለቱንም ሞልታለች። ከታች ደግሞ በትሕትና «ሌላ ቀለም አላየሁም፤ ያለበት ወረቀት ቢሰጠኝ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ» ብላ ጽፋለች። ወረቀቷን በብርሃን ይዤ አንድ በአንድ አመሳክሬዋለሁ። የአሥራ ሁለት ክፍሎችን ግራጫ ከሳሳው እስከ ጠቆረው እንዲህ አድርጎ መለየት እኔ ራሴ በስንት ዓመቴ እንደቻልኩ አላስታውስም። የተሰጣት ዜሮ ነው።

ዜሮው ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። በውጤት መስጫዋ ላይ አራሚያችሁ «የቀለም መለየት ችግር ያለባት ስለሆነ ሕክምና ብታገኝ» የሚል ምክር ጨምሮበታል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ክር ከጨርቅ ጋር ስታመሳስል የኖረች፣ ክር ለመምረጥ ከማሽኗ ተነሥታ ደጅ የፀሐይ ብርሃን ድረስ የምትወጣ ሴት ናት። ያንን ምክር አንብባ ደነገጠች፤ የያዘችውን ቀሚስ ጥላ ልጇን ይዛ ወደ ዓይን ሐኪም ሮጠች። ሐኪሙ ያለውን ሰሌዳ ሁሉ አሳይቷት የልጅቷ ዓይን ከእሱ ዓይን እንደሚሻል በማኅተም አረጋገጠ። እነሱም ማስረጃውን ከአቤቱታቸው ጋር አያይዘው አስገቡ። የሰጣችሁትን መልስ ቃል በቃል እጠቅሰዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በየቀኑ አይገኝምና፦ «የአመልካቿ ዓይን ጤናማ መሆኑ በሕክምና ስለተረጋገጠ፣ የወደቀችው በዕውቀት ማነስ መሆኑ ተረጋግጧል።» ስለ ፈጣን ምላሻችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አራተኛ ልል ነበር፤ ቁጥሩ ግን ሰለቸኝ።

ይህች ልጅ ምን ዓይነት አስተማሪ እንደሆነች ላስረዳችሁ፤ ከዘጠና አራቱ ገጽ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ መስፈርት ስላጣሁ እዚህ እጽፈዋለሁ። በልምምድ ትምህርቷ ስልሳ ሁለት ሕፃናት ፊት ቆማ የክፍሉ ግድግዳ ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሁሉም ባንድ ድምፅ ነጭ ነው አሉ። እሷ አንድ ንጹሕ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፋ ወደ ጎን ቆመች። ልጆቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዷ ክሬም ነው አለች፤ አንዱ የአያቱን ጥርስ እንደሚመስል ተናገረ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ከዚያች ከአንዲት ግድግዳ ዘጠኝ ቀለም አወጡ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነጥብ መስጠት ሲገባኝ፣ ቅጹን ጭኔ ላይ ረስቼ ከልጆቹ ጋር ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት በዚያው ዕለት ቦታውን ይዛላታለች። የምትይዝላት ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ ልጅቷ እስከዚያ ካላለፈች የሥዕሉ ክፍለ ጊዜ ለስፖርት አስተማሪው ይሰጥና ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ።

በዚህ ምክንያት ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛ ፎቃችሁ ድረስ ወጣሁ። የፈተና ክፍላችሁ ባለሙያ በአክብሮት ተቀብሎኛል፤ ወንበርም ስቦልኛል፤ ስለዚህ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ወረቀቱን ሳሳየው ዘወር ብሎ ከኋላው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለውን ዋናውን ባለ ቀለም ክብ በጣቱ አመለከተና፣ ይኸው ቀይ አይደል እንዴ አለኝ። ቀይ ነበር፤ አልዋሸም። ልጅቷ ግን የተፈተነችው እሱ ቢሮ ውስጥ እንዳልሆነ ስነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እሱም እንደሚያውቀው፣ በመልስ ቁልፉ ላይ የፈረሙት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ ሦስት ፊርማ ከማፍረስ አንዲት ልጅ መጣል እንደሚቀል አጫወተኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይህን ነው። ሲሸኘኝም የፊታችን ሰኞ በዚያው ወረቀት ድጋሚ ስለምትፈተን፣ «ቀይ ብላ ትጻፍና ትገላገል፤ ምን አላት?» ብሎ መክሮኛል።

አሁን የምጽፈውን ስጽፍ አፍሬ ነው። ወደ ምድር ቤቴ ተመልሼ ልጅቷን ጠራሁና ያንኑ ምክር ሰጠኋት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ «የምታውቁትን ሳይሆን የምታዩትን» እያልኩ የጮኽኩት ሴትዮ፣ ቀይ በይና እለፊ አልኳት። ደክሞኝ ነበር፤ የደከመው ሰው ክፉ አማካሪ ነው። እሷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ስለዚህ፣ ክቡራን፣ ልመናዬ አጭር ነው። ደረጃውን ድጋሚ አሻሽሉት አልልም፤ ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ መሆኑን አውቃለሁ። ክፍሌንም መልሱልኝ አልልም። ግድግዳችሁ ላይ ያለውን ክብ የምትመስል፣ ቀለም ያላት አንዲት ወረቀት ብቻ ለሰኞ ፈተና ላኩልኝ። ቀለም ያለው ማተሚያ ከሌላችሁ ንገሩኝ፤ እኔና ዕጩዎቼ በእጃችን ቀብተን በአንድ ሰዓት እናደርስላችኋለን። ይህን የሚከለክል ነገር በደረጃው ውስጥ የለም፤ ፈልጌያለሁ።

በመጨረሻም ረጅም ዕድሜ፣ የማያቋርጥ ስብሰባ እና ከእኔ የሚሻል ትዕግሥት ያላቸውን አስተማሪዎች እንዲሰጣችሁ እየተመኘሁ፣ ያስተማራችሁኝን ሁሉ በቅንነት አመሰግናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከመጠነኛ ድካም ጋር፣
በአባሪ ሦስት አሥራ አራተኛ ሆና የተመሰገነችው፣
የምድር ቤቱ የሥዕል አሠልጣኝ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት ልጅቷ መጣች። ሰኞም ያየችውን እንደምትጽፍ ነግራኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ቲቸር፣ ሳላየው ቀይ ብዬ ብጽፍና አራሚዋ እርስዎ ቢሆኑ ስንት ይሰጡኝ ነበር?» ዜሮ አልኳት። ይህን ያልኩት እንዲያው ለነገሩ አይደለም። የድጋሚውን ፈተና በመልስ ቁልፋችሁ መሠረት እንዳርም በትናንትናው ደብዳቤ የመደባችሁት እኔን ነው። ከቁልፉ የወጣ አራሚ ከሥራው እንደሚታገድ ገጽ ስምንት ላይ መጻፉንም አንብቤያለሁ። እንግዲህ እስከ ሰኞ ጊዜ አላችሁ፤ ወይ ወረቀቱን ቀይሩ፣ ወይ አራሚዋን። ልጅቷን ለመቀየር ግን አትድከሙ፤ እኔ ሞክሬ አፍሬያለሁ።