ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው

እማዬ፣

ከሄድሽ ሌላ ክረምት ገባ፤ ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ነው። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ብጠይቅሽም ያው እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» ነው የምትይው። ተናድጄብሻለሁ። ሰው በሞተች እናቱ ይናደዳል? እኔ ተናድጃለሁ።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የጫማ ሱቅሽን ይዤዋለሁ። በራፉ ላይ ባጃጆች ተራ ይዘውበታል፤ ጭቃቸውን እስከ መደርደሪያው ድረስ ይረጩብኛል። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ከየአገሩ የመጡ ሴት ተማሪዎች ይገባሉ። ባለፈው አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሴት አርባ አንድ እንዳለኝ ስትጠይቀኝ አንጀቴን በላችው። አንቺ ከሠላሳ ዘጠኝ በላይ የሴት ጫማ አምጥተሽ አታውቂም። አሁን አለ።

ትዝ ይልሻል? ሰው ቁጥሬን ሲጠይቅ ቀድመሽኝ «ሠላሳ ስምንት» ትዪ ነበር። የመንገደኛውን እግር ከሩቅ አይተሽ ቁጥሩን የምትነግሪ ሴት፣ የልጅሽን እግር ማየት አቃተሽ። «ይሄ እግር ከእኔ አልመጣም፣ የዚያ ሰውዬ ነው» ትዪ ነበር። ያ ሰውዬ አባቴ ነው፤ ቱም የምትባል ከተማ ለሥራ ተመድቦ ሄዶ፣ እዚያው ሌላ ትዳር ይዞ የቀረው። እሱን ማግኘት ስላልቻልሽ እግሩን በእኔ ላይ ቀጣሽው። ወይ ፍርድ!

የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ሚዜ ሆኜ፣ ያንን ነጭ ታኮ ጫማ ተረከዜን ሳሙና ቀብተሽ ነው ያስገባሽልኝ። እስክስታው ቀርቶ መቆም አቃተኝ። ጥግ ይዤ ስቀመጥ ሴቶቹ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አሳደግሽ» ሲሉሽ ፊትሽ በራ። ቤት ስንገባ ካልሲዬ ከጥፍሬ ጋር አብሮ ወለቀ። እያለቀስሽ በሞቀ ውሃና በጨው አጠብሽኝ። በሚቀጥለው በዓል ግን ያንኑ ቁጥር ይዘሽልኝ መጣሽ።

እኔ ደግሞ አመንኩሽ እኮ! ሰው ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር እግሬን ወንበር ሥር እየደበቅሁ ኖርኩ። ሊያገባኝ የፈለገውን ሰው እንኳ፣ እግሬን ካየ ይሄዳል ብዬ ቀድሜ ሸሸሁት።

ከዚያ አረፍሽ። ሊገንዙሽ የገቡት ሴቶች ጠሩኝ፤ የእግርሽ አውራ ጣት ከአውራ ጣት አልገጥም ብሎ በክር ማሰር አቅቷቸው ነበር። ካልሲሽን አውልቀሽ አይቼሽ አላውቅም። በዚህ በሚዛን ከተማ ሙቀት «ብርድ ይገባኛል» እያልሽ ካልሲሽን እንዳደረግሽ ትተኚ ነበር። አየሁት እማዬ። አውራ ጣትሽ ተጣምሞ ጎረቤቱ ላይ ወጥቷል፤ ትንሿ ጣትሽ ጥፍር የላትም። እግሬን ከእግርሽ ጎን አስጠጋሁት። እኩል ነው። የዚያ ሰውዬ አልነበረም፤ ያንቺ ነበር።

ምናለ ብትነግሪኝ? ምናለ አንድ ቀን እንኳ ጓዳ ቁጭ ብለን፣ አራቱንም እግር ዘርግተን ብንስቅ? የሚያንገበግበኝ የጣቴ መጣመም አይደለም። እንዲህ ያለ እግር ያለኝ እኔ ብቻ መስሎኝ መኖሬ ነው።

ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። የሚያምሽ ይመስል ቀስ ብዬ።

በዚያው በሠላሳ ስምንት ቁጥር፣ በጠባቡ ጥቁር ጫማዬ ሸኘሁሽ። ከቀብር ስመለስ አውልቄ ጣልኩት፤ ሱቁን የከፈትኩ ዕለት ከመደርደሪያው የወንድ አርባ ሁለት አወረድኩ። ልኬ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ጣቶቼ የሚያደርጉት ጠፋቸው። አሁን ቅባት እቀባቸዋለሁ። ወደድኳቸው ለማለት ገና አፌን ያዝ ያደርገኛል፤ ግን አልደብቃቸውም። የዚህን ከተማ ጭቃ ሁሉ ተሸክመውኝ የተሻገሩ እግሮች ናቸው፤ ምን በደሉኝ?

ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም፣ ገና ነው። ግን አልረሳሽም። ጠዋት የጫማዬን ማሰሪያ ሳስር ያ ክር ትዝ ይለኛል፤ ስለዚህ ላላ አድርጌ ነው የማስረው። ሰው ቁጥሬን ሲጠይቀኝም ከእንግዲህ የምመልሰው እኔው ነኝ፦ አርባ ሁለት፣ የእናቴ እግር ነው።